ድርሰቴን ፌስቡክ ላይ በማውጣቴ መብቴን አጥቻለሁን?

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር መምህር ነኝ። ለዓመታት በብዕር ስም አጫጭር ልቦለዶችን ፌስቡክ ላይ ስጽፍ ቆይቻለሁ። በቅርቡ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ከእነዚህ አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ ተርኮ አወጣው፤ ስሜን እንኳ አልጠቀሰም። ሌላው ሥራዬ ደግሞ የገጸ ባሕርያቱ ስም ተቀይሮ በታተመ የልቦለድ መድበል ውስጥ በሌላ ሰው ስም አገኘሁት። ጓደኞቼ ‹ሳታስመዘግብ አደባባይ ላይ ስለለቀቅከው ጉዳዩ አክትሟል› ይሉኛል። አሁን በእጄ በሐረር ጁገል የሚያጠነጥን፣ ጅብ ከሚመግብ ቤተሰብ ታሪክ የሚነሣ ረጅም ልቦለድ አለኝ። አንድ አሳታሚ ሙሉ መብቱን ገዝቶ ሊያሳትመው ይፈልጋል። ረቂቁን ከመስጠቴ በፊት ሐሳቡ እንዳይወሰድብኝ ምን ላድርግ? በአደራ ደብዳቤ ለራሴ ብልከው ይበቃል?»

ምላሽ፦ ጓደኞችዎ የነገሩዎት ትክክል አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ከተደረገለት ማሻሻያ ጋር፣ የደራሲውን መብት በምዝገባ ላይ አላንጠለጠለውም። ድርሰቱ የደራሲው የራሱ የፈጠራ ሥራ እስከሆነና በወረቀት፣ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ላይ ተጽፎ ግዙፍነት እስካገኘ ድረስ መብቱ ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ይጸናል፤ ማመልከቻ፣ ማኅተም ወይም የምስክር ወረቀት ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ የድርሰቱ የጥራት ደረጃም ሆነ የተጻፈበት ዓላማ አይመረመርም።

ፌስቡክ ላይ ማውጣትዎም ይህን አይለውጠውም። ገጹን ሲከፍቱ በተቀበሉት የአጠቃቀም ስምምነት ኩባንያው ጽሑፍዎን እንዲያስቀምጥና ለሌሎች እንዲያሳይ ፈቅደዋል፤ ፈቃዱ ግን ለኩባንያው አገልግሎት የተሰጠ ስለሆነ ገጹን ያነበበ ሁሉ አይወርሰውም። አንባቢ «ሼር» ሲያደርግ ጽሑፉ ከስምዎና ከገጽዎ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ገልብጦ በራሱ ገጽ ሲለጥፈው፣ በድምፅ ቀርጾ ሲለቀው ወይም ሲያሳትመው ግን ድርሰቱን ማባዛቱና ለሕዝብ ማድረሱ ነው፤ ይህን የማድረግ ወይም የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ደራሲው ብቻ ነው። በእርግጥ ሕጉ አንዳንድ ልዩ ሁኔታዎችን አስቀምጧል፤ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሶ ተገቢ በሆነ መጠን ማጣቀስ፣ ለማስተማር ዓላማ በተወሰነ ልክ መጠቀም፣ ለግል አገልግሎት አንድ ቅጂ ማድረግ ይቻላል። አንድን ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር ተርኮ ማስታወቂያ እያስገቡ ገቢ መሰብሰብ ግን ከእነዚህ በአንዱም አይሸፈንም። የብዙዎቹ ተራኪዎች መከላከያ «ለደራሲው ምስጋና አቅርበናል» የሚል ነው፤ ምስጋና ፈቃድን አይተካም።

የጓደኞችዎ ስጋት እውነት የሚሆነው በሌላ በኩል ነው፤ እሱም ማስረጃ ነው። መብቱ ያለ ምዝገባ ቢወለድም ክርክር ሲነሣ «ደራሲው እኔ ነኝ፤ የጻፍሁትም ከዚህ ቀን በፊት ነው» የሚለውን ማሳየት የእርስዎ ድርሻ ነው። በዚህ ረገድ ሕጉ አንድ ትልቅ እርዳታ ይሰጣል፦ በሥራው ላይ እንደ ደራሲ ስሙ የተመለከተ ሰው ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ደራሲ እንደሆነ ይገመታል። እርስዎ ግን በብዕር ስም ስለጻፉ ይህ ግምት የሚጠቅምዎት ስሙ የእርስዎ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ከሌለ ነው። አሁን ባለው ሁኔታ መድበሉ ላይ የተከሳሹ እውነተኛ ስም ታትሞ ይታያል፤ የእርስዎ ገጽ ላይ ደግሞ ማንነቱ ያልታወቀ የብዕር ስም አለ። የሕግ ግምቱ በመነሻው ለእሱ ያደላል ማለት ነው። በእኔ እምነት ከምዝገባው ይልቅ የጉዳይዎ ደካማ ጎን ይህ ነውና ከማንኛውም እርምጃ በፊት የብዕር ስሙን ከእውነተኛው ስምዎ ጋር የሚያገናኝ ሰነድ ማሰባሰብ ይኖርብዎታል፤ ገጹ የተከፈተበት የስልክ ቁጥርና ኢሜይል፣ በእውነተኛ ስምዎ እየጠሩ ስለ ድርሰቱ የጻፉልዎ ሰዎች መልእክቶች፣ በዚያ የብዕር ስም ተጋብዘው ያነበቡበት የሥነ ጽሑፍ ምሽት ካለም ጥሪው ወይም ፎቶግራፉ ይጠቅማል።

ወደ ማስረጃው ስንመለስ፣ ፌስቡክ ላይ ማውጣትዎ ያዳከመዎት ሳይሆን ያገዘዎት ነገር ነው። የወጣበት ቀንና ሰዓት በእርስዎ ኮምፒዩተር ሳይሆን በሦስተኛ ወገን የተመዘገበ ስለሆነ ከዎርድ ፋይል ቀን የበለጠ ክብደት አለው፤ የኮምፒዩተሩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ፋይል ማስቀመጥ ማንም የሚችለው ነገር ነው። ስለዚህ ልጥፎቹን አያጥፉ፣ አያርሙ፣ «ከዚህ በኋላ እንዳይሰርቁኝ» ብለውም ገጹን አይዝጉ። ገጹ ያደረጉትን እርማት ሁሉ በታሪክ መልክ ይዞ ስለሚያሳይ ዛሬ የሚያደርጉት ለውጥ ነገ የመስቀለኛ ጥያቄ ርእስ ይሆናል። በምትኩ «መረጃዎን ያውርዱ» በሚለው አገልግሎት የገጽዎን ሙሉ ይዘት አውርደው በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ስንኝና አረፍተ ነገር የሰረዙበት የእጅ ጽሑፍ ደብተር ካለዎትም አይናቁት፤ ገልባጭ የተጠናቀቀውን ቅጂ እንጂ ወደዚያ ያደረሰውን ውጣ ውረድ ሊያቀርብ አይችልም። የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንደማይነፈገው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደንግጓል፤ ቢሆንም ተቃራኒው ወገን ትክክለኛነቱን መከራከሩ አይቀርምና የሚያትሙት ስክሪንሾት አድራሻውን፣ ቀኑንና ሙሉውን ገጽ የሚያሳይ ይሁን።

ለራስ በአደራ ደብዳቤ መላክ በየአገሩ የሚወራ ዘዴ ነው፤ አልመክረውም። ፖስታ ቤቱ የሚያረጋግጠው አንድ ፖስታ በአንድ ቀን መላኩን ነው፤ በውስጡ ምን እንደነበረ ወይም ከዚያ በኋላ ስለመከፈት አለመከፈቱ ምንም አይናገርም። ከመጽሐፍ ጀርባ የሚታተመው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥርም (በተለምዶ አይኤስቢኤን የሚባለው) ለመጻሕፍት ሻጮችና ለቤተ መጻሕፍት መለያ እንጂ የባለቤትነት ሰነድ አይደለም። በክብ ውስጥ የምትቀመጠው የቅጂ መብት ምልክትና «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ሐረግ ለአንባቢ ማስጠንቀቂያ ስለሆኑ ይጻፉ፤ ባይጻፉ ግን መብቱ አይቀርም።

ስለ ሐሳብ መወሰድ የጠየቁት ደግሞ ግልጽ መልስ ስለሚፈልግ ምናልባት ደስ የማያሰኝዎትን ልናገር። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም። በሐረር ግንብ ሥር ማታ ማታ ጅብ የሚመግብ ቤተሰብ፣ ሙያውን መውረስ የማይፈልግ ልጅ፣ ከተማዋን ለቅቆ ሄዶ የሚመለስ ሰው፤ እነዚህን ማንም ደራሲ አንሥቶ ሊጽፍባቸው ይችላል፣ ከእርስዎ ሰምቶም ቢሆን። የጅብ ምገባው ልማድ፣ ስለ እሱ የሚነገሩት አፈ ታሪኮች፣ የጁገል በሮችና መንገዶች የሕዝቡ ናቸው፤ አንድ ደራሲ ስለጻፈባቸው የግሉ አይሆኑም። የእርስዎ የሚሆነው ሐሳቡን የገለጡበት መንገድ ነው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋውን በበትር ጫፍ ሰክቶ ሲያቀርብ እጁ የተንቀጠቀጠበት ትዕይንት በእርስዎ ቃላት፣ በእርስዎ ምልልስና በእርስዎ የክስተት ቅደም ተከተል ተጽፎ ሲገኝ ያንን መውሰድ ጥሰት ነው። ጥበቃው ቃል በቃል በተገለበጠው ላይ ብቻ እንደማያበቃም ልብ ይሏል፤ ትርጉምና ሌላ ቅርጽ መስጠትም የደራሲውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። «ጥቂት ከቀየርኩት የእኔ ይሆናል» የሚለውን ወሬ ሕጉ አያውቀውም። ስለዚህ ከአሳታሚ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የሚሻለው ልቦለዱን ጨርሶ መጻፍ ነው፤ በቡና ላይ የተወራ ታሪክ ጠበቃ አያቆምለትም።

አሁን በሁለቱ ጥሰቶች ላይ ምን ማድረግ እንደሚገባ። ዩቲዩቡን በተመለከተ መጀመሪያ ማስረጃ ይያዙ፤ ቪዲዮውን ያውርዱ፣ አድራሻውን፣ የወጣበትን ቀን፣ የተመልካቹን ቁጥርና መግለጫውን ሁለት ሰዎች ባሉበት አይተው ያትሙ። ይህ ሳይደረግ ለቻናሉ መልእክት ከላኩ ቪዲዮው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋና የሚከሱበት ነገር አይኖርም። ከዚያ በኋላ ለባለ ቻናሉ ፈቃድ አለመስጠትዎን፣ እንዲያነሣው ወይም ስምዎን ጠቅሶ በክፍያ እንዲስማማ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የማይመልስ ከሆነ በራሱ በዩቲዩብ የቅጂ መብት ቅሬታ ቅጽ ያመልክቱ። ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ይወቁ። ቅጹ እውነተኛ ሕጋዊ ስምዎን ይጠይቃል፤ ስሙም ለባለ ቻናሉ ይደርሳል፤ የብዕር ስምዎን ምስጢር አድርገው የያዙት በምክንያት ከሆነ በወኪል ማቅረብን ያስቡበት። ሁለተኛው፣ ባለ ቻናሉ ተቃውሞ ካቀረበ ዩቲዩብ ክስ መመሥረትዎን የሚያሳይ ማስረጃ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይጠብቃል፤ ካልቀረበ ቪዲዮው ይመለሳል። በ90 ቀናት ውስጥ 3 የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ቻናል ሊዘጋ ስለሚችል ግን አብዛኞቹ ተቃውሞ ከማቅረብ ይልቅ መስማማትን ይመርጣሉ። ቴሌግራምም የቅሬታ መቀበያ አለው፤ ነገር ግን ፋይሉ ከቡድን ወደ ቡድን በተላለፈ ቁጥር አንዱን ሲያዘጉ ሌላው ስለሚከፈት የጽሑፍዎ ፒዲኤፍ እዚያ ከገባ ሙሉ በሙሉ አጠፋዋለሁ ብለው አይድከሙ።

የታተመው መድበል ክብደቱ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ስምዎ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ስም በቦታው ተተክቷል። ሕጉ ከገንዘብ ጥቅሙ ለይቶ የሞራል መብት የሚለው፣ ማለትም ደራሲ ተብሎ የመታወቅና ክብርን በሚነካ ሁኔታ ሥራን ከመቆራረጥ የመከላከል መብት፣ በቀጥታ ተጥሷል። ከመጽሐፉ ቢያንስ አንድ ቅጂ በደረሰኝ ይግዙ። ቀጥሎም የእርስዎን ጽሑፍና የእሱን አንቀጽ በአንቀጽ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ስሞቹ ብቻ የተቀየሩባቸውን ቦታዎች፣ በተለይም እርስዎ የሠሩት የፊደል ግድፈት ወይም የዘወትር የሥርዓተ ነጥብ ልማድዎ ሳይታረም የተገለበጠበትን ያስምሩ። ስለ ተመሳሳይ ጭብጥ ሁለት ሰዎች ሊጽፉ ይችላሉ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል በአንድ ቦታ በአንድ ዓይነት መንገድ ተሳስተው መጻፋቸውን ግን ዳኛ በቀላሉ አይቀበለውም።

የቅጂ መብት በሕገ መንግሥቱ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ስለሆነ ጉዳዩም የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ የፌዴራል ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ስላላት ተከሳሹ በድሬዳዋ የሚኖር ከሆነ እዚያው ይከሳሉ። በሐረር የሚኖር ከሆነ የሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ በተሰጣቸው ውክልና ያዩታል፤ አዲስ አበባ ከሆነ ግን በመደበኛው ሥርዓት ተከሳሹ ባለበት መክሰስ ስለሚሆን የመንገዱንና የቀጠሮውን ወጪ ከወዲሁ ያስሉ። ፍርድ ቤቱ ስርጭቱን በጊዜያዊ እርምጃ ሊያግድና ቅጂዎቹን ሊያስይዝ ይችላል፤ በመጨረሻም ለደረሰው ጉዳትና ጣሹ ላገኘው ትርፍ ካሳ ያስከፍላል። ለሞራል ጉዳት የሚወሰነው ካሳ ከ100,000 ብር እንደማያንስ አዋጁ ደንግጓል። ይህን ቁጥር የሰሙ ሰዎች ክስ ማቅረብ ብቻ የሚበቃ ይመስላቸዋል፤ ደራሲነቱና ጥሰቱ ካልተረጋገጠ ግን አንድ ብርም የለም፤ በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ የሚሰላ የዳኝነት ክፍያም አስቀድሞ ይከፈላል። ወንጀሉም ቀላል አይደለም፤ የ1996ቱ አዋጅ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት ለተፈጸመ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ቢሆንም ካሳ የሚፈልግ ደራሲ በፖሊስ በኩል መጀመሩን አልደግፍም፤ የወንጀል ክስ የሚጠይቀው የማስረጃ ደረጃ ከፍ ያለ ስለሆነ ነጻ የመባል ውሳኔ ቢሰጥ በፍትሐ ብሔሩም ላይ ጥላውን ያጠላል። አይዘግዩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ የሚመነጭ የካሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ይታገዳል የሚል መቃወሚያ ከተከሳሽ ወገን መነሣቱ አይቀርምና። እስከዚያው ድረስ በገጽዎ ላይ ሰውየውን በስሙ ጠርተው «ሌባ» ብለው አይጻፉ። ከሳሽ የነበረ ሰው በስም ማጥፋት ተከሳሽ ሆኖ የሚመጣው በዚህ በር ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ልቦለድ ልምጣ፤ ሊድን የሚችለው ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው። የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ «ሙሉ መብት» የሚለው ሐረግ ልጆችዎ ሊያገኙት የሚችሉትን ሁሉ በአንድ ፊርማ ሊጠቀልል ይችላል። የገንዘብ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ውል ብቻ ስለሆነ አሳታሚው በቃል የነገረዎት ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ከተጻፈ ደግሞ የሚያስረው የተጻፈው ነው። የሞራል መብትዎን ግን በሕይወት እያሉ ለማንም ማስተላለፍ ስለማይችሉ ስምዎን የማንሣት ሥልጣን የሚሰጥ አንቀጽ ቢኖርበት አይቀበሉት። መብቱ አንድ ድፍን ነገር ሳይሆን ብዙ ክፍል ያለው ነው፤ በአማርኛ በወረቀት ማሳተም አንድ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪ መተርጎም ሌላ፣ በድምፅ መጽሐፍ ማውጣት፣ በሬዲዮ መተረክ፣ ወደ ፊልም መለወጥና በኤሌክትሮኒክ መሸጥ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሌላ ናቸው። ለአሳታሚው የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በፈቃድ መልክ፣ ለተወሰነ ዓመትና ለተወሰነ የኅትመት ብዛት ይስጡት፤ የቀረውን «በዚህ ውል ያልተጠቀሰ መብት ሁሉ የደራሲው ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀሩ። ቅጂዎቹ ካለቁ በኋላ አሳታሚው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ዳግም ካላሳተመ መብቱ ወደ እርስዎ እንደሚመለስም ይጻፍ።

እንደ ብዙዎቹ ደራሲዎቻችን በራስዎ ወጪ ለማሳተም ከወሰኑም ከማተሚያ ቤቱ ጋር ውል አይተዉ። ከስርቆቱ ብዙው የሚጀምረው ከሩቅ ሌባ ሳይሆን ከቅርብ እጅ ነው፤ ጸሐፊዋ ጋር የተረሳ ፍላሽ፣ ገጹን ያቀናበረው ባለሙያ ኮምፒዩተር ላይ የቀረ ፋይል፣ ከታዘዘው ቁጥር በላይ የታተመ ቅጂ። ፋይሉና ፕሌቱ (ገጾቹ የሚታተሙበት ሰሌዳ) ሥራው እንዳለቀ እንዲመለስ፣ ከታዘዘው በላይ አንድም ቅጂ እንዳይታተም፣ የኅትመቱ ብዛት በመጽሐፉ ላይ እንዲጻፍ በውሉ ያስገቡ። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ማኅተም ወይም ፊርማ ማሳረፍ አድካሚ ቢሆንም ትርፍ ኅትመትን ለመለየት እስከ ዛሬ የሚሠራ ዘዴ ነው። መምህር ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፦ በሥራ ግዴታዎ ለትምህርት ቤቱ የሚያዘጋጁት ማስተማሪያ ጽሑፍ የተለየ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው፤ ልቦለዱ ግን ከሥራዎ ጋር ስለማይገናኝ ቀጣሪዎ ሊጠይቅበት አይችልም፣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ባይጽፉት ግን ክርክሩን ከሥሩ ይነቅሉታል።

የመጨረሻ ምክሬ የሚከተለው ነው። ረቂቁ ከእጅዎ ሳይወጣ በእውነተኛ ስምዎና በብዕር ስምዎ ሁለቱንም ጠቅሰው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግቡት፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ካልተቻለዎት ውልና ማስረጃ ቀርበው ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይስጡ። ምዝገባው መብት አይፈጥርም፤ ነገር ግን ከማንም ጋር ክርክር ሳይኖር፣ በመንግሥት አካል ፊት፣ በታወቀ ቀን የተሰጠ ማስረጃ ስለሆነ ከላይ ያነሣሁትን የብዕር ስም ክፍተት ይዘጋል። የቀድሞዎቹን አጫጭር ልቦለዶችም በአንድ ጥራዝ አድርገው አብረው ያስመዝግቡ፤ የተገለበጠውን ሥራ ዛሬ ማስመዝገብ መድበሉ ከታተመ በኋላ የተገኘ ወረቀት ስለሚሆን ብቻውን አያሸንፍም፣ ከፌስቡኩ ቀን ጋር ሲቀርብ ግን ይረዳል። ከዚያ ቀጥሎ ረቂቁን ለአሳታሚው በኢሜይል ይላኩ፤ በእጅ ከሰጡትም መቀበሉን ያስፈርሙ። ውሉ በራስዎ በኩል የተዘጋጀ ይሁን፤ በራሱ ቅጽ ላይ «ሙሉ መብት» የሚለውን ሐረግ ላለማውጣት ድርቅ ካለ ክፍያው ምንም ያህል ቢያጓጓዎ አይፈርሙ።